ሁሉም የሚያውቀውን ማን ይናገረው?

ደሴ ውስጥ ልቦለድ የሚሞክሩ ወጣቶች አልፎ አልፎ ረቂቃቸውን ያስነብቡኛል። ብዙዎቹ ታሪኩን ገጠር ይወስዱታል፤ አንዱ ኩታበር፣ አንዱ ተሁለደሬ፣ አንዷ ቃሉ። ሰው ይሞታል። ከአዲስ አበባ መርማሪ ይመጣል። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሚስጥሩ ይፈታል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ መንደሩ ግን መንደር አይሆንልኝም።

የወሎ ገጠር ውስጥ «ማን አደረገው?» ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይታወቃል። ጭንቀቱ ሌላ ነው፦ ማን ቀድሞ ያወጣዋል? ከወጣስ በኋላ እንዴት አብረን ቅሬ እንቀመጣለን?

ቅሬ ማለት አዲስ አበቤው እድር የሚለው ነው። ቀልድ አይደለም፤ የሚቀብርህ እሱ ነው። ድንበርህን የገፋው ጎረቤትህ ነገ የአባትህን አስከሬን ይሸከማል። አንተም የእሱን። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይኖራል። ውጥረት የሚፈልግ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ቡናው ብቻውን ስንት ምዕራፍ ይወጣዋል! አቦል ላይ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ ይወራል። ቶና ላይ የሰው ስም ይነሳል። የዚያ ሰው ዘመድ ድንገት ከገባ፣ በረካው በዱዓ ያልቃል። ማን እንዳልተጠራ፣ ማን ተጠርቶ እንደቀረ፣ ለማን ስኒው ጀባ ሲባል ጨዋታው እንደቀዘቀዘ የሚያይ ጸሐፊ መርማሪ አያስፈልገውም።

የድሮ መንግሥትም ይህን ያውቅ ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበር። ሌባው ወይም ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪታወቅ አትበተኑም ይባላል። የቀረ ይቀጣል። እስቲ አስቡት፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ብሏል፣ ፀሐዩ ከሯል፣ ከብቱ ያለ ጠባቂ ቀርቷል። ይህን የመሰለ ትዕይንት እያለ ከፊልም መርማሪ መዋስ ምን የሚሉት ነው?

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህ ወላጆች የተሳሉት ስእለት ልጁን እስከ ጉልምስናው ይከተለዋል። አንባቢው ያውቀዋል፣ በዛብህም ያውቀዋል። ውጥረቱ ግን አይቀንስም።

«ይሄ የድሮ ነው» የሚለኝ ካለ የመሬት ይዞታ ደብተሩን ይክፈት። የባልና የሚስት ፎቶ አለበት። ባልየው ከተማ ሌላ ቤት ከመሠረተ ያቺ ደብተር ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ ቤተሰብ ታናውጣለች። ዓረብ አገር ያለችው ልጅስ? ብር ትልካለች፣ ቤቱ በቆርቆሮ ይሠራል፣ በኢሞ ስትደውል ግን ካሜራውን ታጠፋለች። እናት ለምን ብላ አትጠይቅም። እኔ በበኩሌ ካሜራው የጠፋበትን ምክንያት ሳይሆን እናትየዋ የማትጠይቅበትን ምክንያት ነው ማንበብ የምፈልገው።

የከበደው ደግሞ ቅርብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከተሞቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። በእነዚያ ሳምንታት ማን ማንን ደበቀ፣ ማን ማንን ጠቆመ፣ የማን ጎተራ ተራቆተ፣ የማንስ ተረፈ? በየሰፈሩ የሚያውቅ አለ። ቡና ላይ «ያን ጊዜ» ይባልና ይታለፋል። ይህን ዝምታ ላሞግሰው አልፈልግም። አንዳንዱ ዝምታ ሰው አብሮ እንዲኖር አድርጓል። አንዳንዱ ግን የተደፈረችን ሴት ጉዳቷን ብቻዋን እንድትሸከም ፈርዶባታል። ጎበዝ ልቦለድ ሁለቱንም አንድ ግቢ ውስጥ ያኖራቸዋል። «የወሎ መቻቻል» እያለ ግድግዳውን ኖራ አይቀባም። መቻቻሉ እውነት ነው፤ እስላሙና ክርስቲያኑ አንድ ቤት ተወልዶ ያድጋል። ግን መቻል ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ማን እንደከፈለ መጻፍ የደራሲው ሥራ ነው።

ለምን አይጻፍም ታዲያ? ደራሲው ራሱ የቅሬ አባል ስለሆነ ይመስለኛል። ደሴ ትልቅ ከተማ ናት ብላችሁ አትሸወዱ። ከሸዋ በር እስከ ቧንቧ ውሃ ወሬ ባጃጅን ይቀድማል። መጽሐፉ በወጣ ሳምንት «ይቺ የእነ እገሌ ቤት ናት» መባሉ አይቀርም። እናቱ ቡና ላይ ትኮረፋለች። ይህ ፍርሃት ያለ ነው፤ አልንቀውም።

ለልጆቹ የምላቸው ይህን ነው። የወንዙን ስም ቀይሩ። የሰውየውን ሥራ ቀይሩ። ሁለቱን ጎረቤቶች አንድ ሰው አድርጓቸው። ያን ሁሉ አድርጋችሁም «እኔን ነው የጻፍከኝ» የሚል አይጠፋም። መጽሐፉን ይግዛና ያረጋግጥ።