ተቆጥረው ሄዱ፣ ተቆጥረው ተመለሱ

በዚህ ዓለም ውለታቸው ሳይከፈል የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ትምህርታዊ ጉብኝት እንደሚያዘጋጁት ያለ የተበደለ ግን አለ ብዬ አላምንም። ሐኪም በሽተኛ ሲያድን ይመሰገናል። ሾፌር መንገደኛ በሰላም ሲያደርስ «እግዜር ይስጥልን» ይባላል። እነዚህ ግን አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሕፃናት ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ሲያዞሩ ውለው፣ አንዳች ነገር ሳያሳዩ በሰላም ሲመልሱ የሚያጨበጭብላቸው የለም። ግፍ ነው። ዛሬ እኔ ላጨበጭብላቸው ተነሥቻለሁ።

ከፈቃድ ወረቀቱ ልጀምር። ወላጅ ፈርሞ የሚመልሰው ያ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ የጥንቃቄ ሁሉ አባት ነው። ልጁ ምን እንደሚለብስ፣ ምን እንደሚይዝ፣ ምን መያዝ እንደማይፈቀድለት፣ ስንት ሰዓት በር ላይ መገኘት እንዳለበት፣ ዕቃ ቢጠፋበት ትምህርት ቤቱ ተጠያቂ እንደማይሆን፣ መኪና የሚያስመልሰው ከሆነም ፌስታሉን ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። ምን ሊያይ እንደሚሄድ ግን አልተጻፈም። «ለትምህርታዊ ጉብኝት» ይላል፣ አበቃ። ልጁ እናቱን ቢጠይቅ እናቱም አታውቅም፤ መምህሩን ቢጠይቅ «ስትደርስ ታየዋለህ» የሚል መልስ ያገኛል።

በዚህ ነገር የተመራመሩ ሰዎች ከእኛ ጋር አይስማሙም። ጆን ፎልክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ባደረገው ጥናት፣ ቦታው እንግዳ የሆነበት ልጅ ዓይኑም ልቡም አካባቢውን በመላመድ ስለሚያዝ፣ እንዲማረው የታሰበለትን ነገር ወደ ጎን እንደሚተወው ተመለከተ። ቀጥሎ በመካነ እንስሳት በተደረገ ጥናት ደግሞ፣ ምን እንደሚያዩ፣ ምን እንደሚበሉና ምን መግዛት እንደሚችሉ ሳይቀር አስቀድሞ የተነገራቸው ልጆች የተሻለ ተምረው ተመለሱ። በእኔ አነጋገር ሲያጥር፣ ምሳው መቼ እንደሚበላ ያወቀ ልጅ ስለ ዝንጀሮው ለማሰብ ፋታ ያገኛል ማለት ነው። እኛ እንዲህ ባለው ዝግጅት ጊዜ አናጠፋም። ልጁ ግራ እንደተጋባ ይግባ፣ ግራ እንደተጋባ ይውጣ፤ ቢያንስ አቋሙ አይዋዥቅም።

የሙያው ቁንጮ ግን ቆጠራ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቆጠራሉ። አውቶቡስ ውስጥ ይቆጠራሉ። ሲወርዱ፣ ሽንት ቤት ሲገቡ፣ ከሽንት ቤት ሲወጡ፣ ምሳ ሲበሉ፣ ምሳ በልተው ሲነሡ ይቆጠራሉ። መሐል ላይ አንዱ ጎድሎ ሁሉም ቀጥ ብለው ይቆሙና ረዳት መምህርቷ ራሷን መቁጠሯን እንደረሳች ሲታወቅ ሰልፉ ይቀጥላል። በእርግጥ ልጅ መጥፋት ቀልድ አይደለም፤ ቆጠራውን የሚነቅፍ ልብ የለኝም። የማደንቀው ከቆጠራው ሌላ የሚሠራ ሥራ አለመኖሩን ነው። ማታ ዳይሬክተሩ «ጉብኝቱ እንዴት ነበር?» ብለው ሲጠይቁ «ሁሉም ተመልሰዋል» የሚል ሪፖርት ይቀርባል፤ ጉዳዩም በዚሁ ይዘጋል።

ፍጥነታቸውን ሳላነሣ ባልፍ ታሪክ ይታዘበኛል። አንድ ሙሉ ሙዚየም ከምሳ በፊት ያልቃል። የጥንት ነገሥታት፣ ቢራቢሮዎች፣ የዛጉ ሳንቲሞች፣ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ይታለፋሉ። «ቀጥሉ! ቀጥሉ! አትቁሙ!» የሚለው ድምፅ ከአስጎብኚው ድምፅ ይበልጣል፤ አስጎብኚውም ስለሚያውቀው «በስተቀኛችሁ» ብሎ የጀመረውን በስተግራ ይጨርሰዋል። ሰልፍ ውስጥ ያለ ልጅ በእርግጠኝነት አይቶት የሚመለስ ቅርስ ቢኖር ከፊቱ ያለው ልጅ ማጅራት ነው።

ከዚህ ጋር ሲተያይ አሜሪካ፣ አርካንሳስ ውስጥ የሆነው የስንፍና መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ቤንተንቪል በምትባል ከተማ ክሪስታል ብሪጅስ የተባለ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። ለመጎብኘት የጠየቁት ትምህርት ቤቶች ሙዚየሙ ሊያስተናግድ ከሚችለው በላይ ሆኑና ዕጣ ወጣ። የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን አጋጣሚ ተጠቅመው፣ ዕጣ የደረሳቸውንና ተራ የሚጠብቁትን አወዳደሩ፤ 123 ትምህርት ቤቶች፣ ወደ 11,000 የሚጠጉ ተማሪዎች። ጉብኝቱ ምን ይመስል ነበር? አንድ ሰዓት ገደማ፤ በዚያም ሰዓት ውስጥ አምስት ሥዕል። አምስት! በእኛ አዘጋጆች እጅ ቢሆን በዚያ ሰዓት ሙዚየሙ አልቆ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ አውቶቡሱ ጥሩንባ እየነፋ ነበር። እነዚያ ሰነፎች ግን አንድ ሥዕል ፊት ቁጭ ብለው «ምን ታያላችሁ?» እያሉ ሕፃናቱን ያስለፈልፋሉ፤ አስጎብኚው የሚናገረው ጨዋታው እንዲቀጥል ያህል ብቻ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ተማሪዎቹ ተጠየቁ። ከሥዕሎቹ አንዱ ሰዎች ሜፕል ከሚባል ዛፍ የሚገኘውን ጣፋጭ ፈሳሽ ሲያዘጋጁ የሚያሳይ ነው፤ የባርነት ተቃዋሚዎች በባሪያ ጉልበት የሚመረተውን ስኳር ገበያ ለማሳጣት ያደርጉት እንደነበር ያንን ሥዕል ካዩት ልጆች 88 በመቶዎቹ አልረሱትም። አይተውት የማያውቁት ሌላ ሥዕል ተሰጥቷቸው ያሰቡትን እንዲጽፉ ሲጠየቁም፣ ጉብኝት የሄዱት ካልሄዱት የበለጠ አስተውለው ጻፉ። ይባስ ብሎ ከሁሉም በላይ የተጠቀሙት ከገጠርና ከድሃ ትምህርት ቤቶች የመጡት ልጆች ሆነው ተገኙ። ይህ በእኛ ዘንድ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ክፍያውን ያልከፈለ ልጅ ከአውቶቡሱ ወርዶ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ በማድረግ ጥቅሙ እንዳይበዛበት ጥንቃቄ ይደረጋል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በጉብኝት ላይ የጥያቄ ወረቀት የተሰጠው ተማሪ ግን ለወረቀቱም ለሞኙም አርአያ ይሆናል። በአንድ ሙዚየም አዳራሽ ከጣሪያው ላይ የግዙፉ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አጽም ተንጠልጥሏል። ምድር እስከዛሬ ካፈራቻቸው እንስሳት ሁሉ ትልቁ መሆኑ የሚታወቀው ፍጡር ነው። ከሥሩ አንድ ክፍል ሙሉ ልጆች ቆመዋል፤ ሁሉም አቀርቅረዋል። ወረቀቱ «የአጽሙ ርዝመት ____ ሜትር ነው» ስለሚል፣ መልሱ ያለው ደግሞ አጽሙ ላይ ሳይሆን ሰሌዳው ላይ ስለሆነ፣ ቀና ማለት ጊዜ ማባከን ነው። ለሰሌዳው የቀረበችው ልጅ 25 ብላ ጻፈች። ጎረቤቷ ከእሷ ገለበጠ፤ የእሱ ጎረቤት ከእሱ። ሰልፉ መሐል ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ተገልብጦ 52 ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ 52 ብሎ በኩራት ጻፈ። ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ከ30 ሜትር ብዙም እንደማያልፍ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢኖር ይደነግጥ ነበር። መምህሩ ግን ወረቀቱን ሲያርሙ ብዙኃኑ 52 ማለታቸውን አይተው፣ 25 ላሉት ኤክስ ሰጧቸው። ዓሣ ነባሪው ራሱ ተነሥቶ ቢመጣ ይህን ውጤት አያስለውጥም።

ሰሌዳዎቹም የሚመሰገኑ ናቸው፤ የተሰቀሉት በጎልማሳ ዓይን ልክ ነው። የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጸሐፊ የነበረው ቤንጃሚን ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1916 ባወጣው ጽሑፍ፣ ጎብኚ በመስታወት ውስጥ ያለውን ለማየትና ለማንበብ ስንቴ ማጎንበስና መንበርከክ እንዳለበት በፎቶግራፍ እያስደገፈ አሳይቶ ነበር፤ የሙዚየም ድካም ያለውም ይህንኑ ነው። የጊልማን ሰውዬ ጎልማሳ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅማ ማጎንበስ ሳይሆን መንጠራራት ነው ያለበት፤ ተንጠራርቶ መስታወቱን ሲይዝ ደግሞ «አትንካ!» ይባላል። ከግማሽ ቀን በኋላ ልጁ ግድግዳ ሥር ሲቀመጥ «የዘመኑ ልጆች ትዕግሥት የላቸውም» የሚለው አስተያየት ይሰጣል። አስተያየቱን የሰጡት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደነበር መጥቀስ አያስፈልግም፤ ጠቀስኩት እንጂ።

መካነ እንስሳት የሚኬደው በእኩለ ቀን ነው። አንበሳ ከ24 ሰዓት 20 የሚሆነውን ተኝቶ እንደሚያሳልፍ፣ በተለይ ፀሐይ ስትበረታ ንቅንቅ እንደማይል የሚያውቅ አዘጋጅ ሰዓቱን ለአውቶቡሱ አመቻችቶ ይመርጣል። ልጆቹ ለተኛ አንበሳ ይጮኹበታል፣ አንበሳው አንድ ዓይኑን ገልጦ ይዘጋል፣ «የዱር አራዊት ንጉሥ» የሚለው ትምህርት በዚሁ ይጠናቀቃል። ፋብሪካ ጉብኝት ላይ ብዙ አልልም፤ በመጨረሻ ቆብ የሚሰጥበት ጉብኝት ሁልጊዜ የተሳካ ነው።

አንድ ልጅ ግን ሥርዓቱን ሊያበላሽ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ያው የዓሣ ነባሪው አዳራሽ ነው። አንድ የሙዚየሙ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ረጅም እጀታ ባለው ለስላሳ ብሩሽ የአጽሙን ጎድን አጥንቶች አቧራ ያራግፋል፤ ከአንዱ አጥንት ወደሚቀጥለው ሲሻገር ብሩሹን ሱሪው ላይ ጠረግ ያደርጋል። ልጁ ወረቀቱን ጥሎ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ፣ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ከዚያ የመምህሩን ኮት ጎተት አድርጎ «መምህር፣ ሰውዬው ዓሣ ነባሪው ባሕር ውስጥ እያለ ያውቀው ነበር?» አለ። እኔ በበኩሌ መልሱን ለመስማት ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። አጥንቱ ከባሕር እንዴት ወጣ፣ ሥጋው የት ሄደ፣ ማን ገጣጠመው፣ ለምን አቧራ ይይዘዋል፤ አንድ ዓመት የሚያስተምር ነገር በዚያች ጥያቄ ውስጥ አለ። መምህሩ በሙያቸው የተካኑ ናቸውና አልተደናገጡም። «ጥያቄ በመጨረሻ!» አሉ። መጨረሻው ሲደርስ እንደ ደንቡ «ጥያቄ ያለው?» ተባለ፤ ልጁ እጁን ሲያወጣ የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተነፋ፣ ቆጠራም ተጀመረ።

በማግስቱ «ከጉብኝቱ ምን ተማርኩ?» የሚል ድርሰት ይጻፋል። በጠዋት ተነሣን፣ አውቶቡስ ውስጥ ዘፈንን፣ ደረስን፣ ጎበኘን፣ ምሳ በላን፣ ተመለስን፣ በጣም ደስ ብሎን ነበር። የክፍሉ ድርሰት በሙሉ አንድ ነው። ክፍያ ያልከፈሉትም ከጓደኞቻቸው እንዳያንሱ ጻፉ ተብለው ጻፉ። ሲታረም ከሄዱት የሚለያቸው ነገር አልተገኘም፤ እንዲያውም ከፍተኛውን ውጤት ያገኘችው ክፍል ውስጥ የቀረች ልጅ ናት አሉ፣ ጽሑፏ ስላልቸኮለ።

ለታሪክ የሚቀረው ግን ፎቶው ነው። ባነሩ ይዘረጋል፣ ትንንሾቹ ከፊት ይንበረከካሉ፣ ዳይሬክተሩ ከመሐል ይቆማሉ፣ ሁሉም ጀርባቸውን ለሚጎበኘው ነገር ሰጥተው ወደ ካሜራው ፈገግ ይላሉ። የሙሉው ቀን ያለ ጥድፊያ የሚሠራ ሥራ ይኸው ብቻ ነው። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ከሆነ ይደገማል። ሌላው ወደ አጽሙ ዞሮ ከሆነ ቁጣ ታክሎበት ይደገማል። በዚያው ምሽት በትምህርት ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ «ተማሪዎቻችን በተግባር ሲማሩ» ተብሎ ይወጣል፤ ወላጅ ልጁን ፈልጎ ያገኛል፣ አውራ ጣቱንም ያነሣል።

አድናቆቴ ከልብ መሆኑን ለማስመስከር ወጪ የሚቆጥብ ሐሳብ ላቅርብ። የሙዚየሙን አዳራሽ የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ ጨርቅ ላይ ይታተምና የትምህርት ቤቱ ግቢ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። አውቶቡሱ ልጆቹን ጭኖ ሰፈሩን ጥቂት ጊዜ ይዙር፤ ዘፈኑም ማስመለሱም እንዳይጎድል። ሲወርዱ ይቆጠሩ። ጨርቁ ፊት ይሰለፉ፣ ወረቀቱ ይሞላ፣ 52 ይጻፍ፣ ፎቶ ይነሡ፣ ዳግም ይቆጠሩና ክፍል ይግቡ። ማንም ልዩነቱን አያውቅም። ጨርቁ ግን ከአራቱም ማዕዘን በሚገባ ይጠበቅ፤ ያ ልጅ አንዱን ጫፍ ገልጦ ከኋላው ምን እንዳለ ማየቱ አይቀርም።