የ911 ኃላፊዎች ኮሚቴ ለቅነሳ የሚቀርብ ትርፍ ነገር አይደለም

ሰሞኑን በዋሽንግተን አካባቢ ስለ በጀት ቅነሳ በተነሣ ቁጥር፣ የየካውንቲውን የ911 (የአደጋ ጊዜ ጥሪ) ኃላፊዎች የሚያገናኘው ክልላዊ ኮሚቴ ቢቀር ማንም አይጎዳም የሚል አስተያየት ይሰማል። ምክንያቱ ከሐሳቡ የባሰ ነው፤ ስልኩ ራሱ ደዋዩ ያለበትን ቦታ ስለሚያውቅ፣ ዲሲም ሆነ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ካውንቲዎች የየራሳቸውን ጥሪ ቢቀበሉ ይበቃል ይባላል።

ይህን የሚል ሰው ኢስተርን አቬኑ ላይ ቆሞ ዙሪያውን አላየም። የመንገዱ አንዱ ወገን ዲሲ፣ ሌላው ሜሪላንድ ነው። የሞባይል ጥሪ ለዓመታት የሚመራው በተቀበለው ማማ ስለነበር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዳርቻ ላይ ያለ ሰው ጥሪው ዲሲ ሊገባበት ይችል ነበር። የፌዴራል ኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን በ2024 ጥሪዎች በደዋዩ መገኛ እንዲመሩ ደንብ ማውጣቱ መልካም ነው። ደንቡ ግን የሚወስነው ስልኩ የት እንደሚጮኽ ብቻ ነው። ቅርብ ያለው አምቡላንስ የጎረቤት ካውንቲ ሲሆን ማን እንደሚልከው፣ አንዱ ማዕከል ሲጨናነቅ ጥሪው ወዴት እንደሚዞር ስልክ አያውቅም።

የ2012ቱን ዴሬቾ፣ ሰፊ አካባቢ ያዳረሰውን ከባድ የነፋስ ማዕበል፣ የረሳን እንመስላለን። ጁን 29 ማታ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት በሰሜን ቨርጂኒያ ፌርፋክስ፣ ፕሪንስ ዊልያም፣ ማናሳስና ማናሳስ ፓርክ የ911 ጥሪ መቀበል አቃታቸው። የጥሪ ተቀባዮቹ ጥፋት አልነበረም። ኮሚሽኑ በጃንዋሪ 2013 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በስልክ ኩባንያው በቬራይዘን የአርሊንግተንና የፌርፋክስ ጣቢያዎች የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮች አልነሣ ብለው ነበር፤ በዚያ ማዕበል በስድስት ስቴቶች 77 የጥሪ ማዕከሎች ተጎድተዋል፤ 17ቱ ደግሞ ጨርሶ አገልግሎት በማቋረጣቸው ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች 911ን ማግኘት አልቻሉም። አንድ የማናሳስ ነዋሪ ቤቱ ሲቃጠል የሚደውልበት መስመር በሌላ ካውንቲ ባለ፣ ከንቲባው በማያዝበት ሕንፃ ውስጥ በቆመ ሞተር ላይ የተንጠለጠለ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አደጋ የትኛው ካውንቲ ብቻውን ይከላከለዋል? ለትልቅ የስልክ ኩባንያ አንድ ካውንቲ አንድ ደንበኛ ብቻ ነው፤ ቅሬታው ተመዝግቦ ይቀመጣል። በሜትሮፖሊታን ዋሽንግተን የመንግሥታት ምክር ቤት ሥር በዚሁ ኮሚቴ የሚገናኙ ኃላፊዎች ተሰባስበው ማብራሪያ ሲጠይቁ ግን ኩባንያው ቀርቦ መልስ ከመስጠት ሌላ ምርጫ የለውም። ኮሚሽኑ በዲሴምበር 2013 የ911 አገልግሎት አቅራቢዎች ስለ መስመሮቻቸው፣ ስለ መጠባበቂያ ኃይላቸውና ስለ ቁጥጥራቸው በየዓመቱ ማረጋገጫ እንዲሰጡ ማስገደዱ ከሰማይ የወረደ ቸርነት አይደለም፤ አጥብቀው የጠየቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ጉዳዩ በእጥፍ ይመለከተናል። መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ የሚያስገድደው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከ2004 ጀምሮ አለ፤ የሚሠራው ግን በዲሲ ወሰን ውስጥ ነው፤ ዘመዶቻችን ደግሞ አሌክሳንድሪያም፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ይኖራሉ። እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው እናት አስተርጓሚ ጠብቀው ችግራቸውን ከተናገሩ በኋላ ጥሪው ወደ ሌላ ካውንቲ ሲተላለፍ፣ አስተርጓሚው አብሮ ካልተላለፈ ሁሉንም ከመጀመሪያው ሊናገሩ ነው። ይህን የሚያስቀር የጋራ መመሪያ አንድ ካውንቲ ለብቻው ሊያወጣ አይችልም። ስለዚህ በጀቱን የሚያጸድቁ ተመራጮች ኮሚቴውን ከቅነሳው ዝርዝር ያውጡት፤ የአስተርጓሚውንም ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባው አጀንዳ ላይ ያስይዙ።