ሚጥሚጣውን አቀብለው ይበሉልኝ

እኔና ባለ ጋራዡ ከተኮራረፍን ዛሬ ሦስተኛ ቅዳሜያችን ነው። የተጣላነው በወሰን አይደለም፤ ተበድሮ የካደኝ ገንዘብም የለም። የተጣላነው በ1969 ለንደን ውስጥ በተቀረጸ የቢትልስ ባንድ አልበም ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በእኛ ከቆጠርነው ሰባት ስምንት ዓመት ይጎድልበታል፤ እኛ ደግሞ ከጠቡ ምንም እንዲጎድልብን አንፈልግም።)

ኩርፊያችን ግን ወግ አለው። ሁለታችንም ከቅዳሜ አንቀርም። አሞራ ገደል አጠገብ ባለችው ዓሣ ቤት፣ በተለመደችው ጠረጴዛችን ዙሪያ፣ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ሚጥሚጣው እሱ ዘንድ ከሆነ ወደ ጋሼ እዞርና፣

«ጋሼ፣ ሚጥሚጣውን አቀብለው ይበሉልኝ» እላለሁ።

ጋሼ ክርናቸው ለሚነካው ሰው፣ «አቀብለው» ይሉታል።

«የቢትልስ ሰው ሚጥሚጣ ምን ያደርግለታል ይበሉልኝ!»

ይህቺን ጋሼ አያስተላልፉም። ዕቃውን ራሳቸው አንስተው ይሰጡኛል። ሰፈር ውስጥ የተከበሩ ሽማግሌ የሆኑት ግማሹን መልእክት መዋጥ ስለሚያውቁ ነው።

አራት ነን። ጋሼ በካሴት ዘመን ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው፤ እስከ ዛሬ ዘፈን በስሙ አይጠሩም፣ «ሳይድ ቢ፣ ሦስተኛው» ይላሉ። እህታችን ፋርማሲ አላት። ባለ ጋራዡ ባለ ጋራዥ ነው። እኔ መምህር ነኝ፤ ማለትም ሥራዬ መናገር ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ ያለ ደመወዝ እናገራለሁ። ከእኛ ሌላ ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አሉ። መላጣቸውን አቀርቅረው፣ ካባ እንደደረበ ሰው ትከሻቸውን ሰብስበው፣ የዓሣ አንጀት እስኪወረወርላቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ጋሼ እነሱን አየት አድርገው «ዳኞቹ ተሰይመዋል» ሲሉ ክርክሩ ይከፈታል።

በልጅነቴ ያንን የቢትልስ አልበም፣ «አቤይ ሮድ»ን፣ የቀዱልኝ ጋሼ ናቸው፤ ከኩርፊያው ሁሉ ጀርባ ያለው እሱ ካሴት ነው። በ90 ደቂቃ ካሴት፣ ገንዘብ እንድቆጥብ ብለው ሙሉውን አልበም በአንዱ ጎን ላይ ቀዱልኝ። የካሴቱ አንድ ጎን 45 ደቂቃ ነው። አልበሙ ደግሞ 47 ደቂቃ ነው። ሁለቱ ደቂቃ የት ይግባ? ቴፑ ያለቀው «ዚ ኤንድ» የሚባለው ዘፈን ገና ጀመር እንዳለ ነው። «መጨረሻ» የሚል ስም ያለው ዘፈን፣ መጨረሻው ተቆርጦ ደረሰኝ ማለት ነው። እናም እኔና ከእኔ ያስገለበጡ የክፍሌ ልጆች ሁሉ፣ ለዓመታት ያ ቡድን እየተጫወተ እንደሄደ እንጂ እንደተበተነ አናውቅም ነበር። ሌላው ዓለም በ1970 ሲያለቅስ የእኛ ሐዋሳ ምንም አልደረሰባትም።

ባለ ጋራዡ ይህን ታሪክ ስነግረው ነው የጀመረው። «አየህ፣» አለኝ (ያኔ እንነጋገር ነበር)፣ «አንተ የምትወደው ያልሰማኸውን ጠብ ነው።»

የእሱ አልበም የፍሊትዉድ ማክ ባንድ «ሩመርስ» ነው፤ 1977። ሰውዬው ስለዚህ አልበም ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ የጎረቤት ጉዳይ እንደሚያወራ ሰው። ቢያደርግም አይፈረድበትም፣ ራሱ አልበሙ «ሐሜት» ነው የሚባለው። ጊታር የሚጫወተው ሊንዚ በኪንግሃምና ዘፋኟ ስቲቪ ኒክስ እየተለያዩ ነው። ቤዝ የሚጫወተው ጆን ማክቪና ኪቦርድ ላይ ያለችው ሚስቱ ክሪስቲን እየተፋቱ ነው። ከበሮ መቺው ሚክ ፍሊትዉድም ቤቱ ውስጥ ሰላም የለም። አምስቱም በየዕለቱ አንድ ስቱዲዮ ገብተው አንዱ ሌላውን የሚሰድብበትን ዘፈን ያጅባሉ። ሰዳቢው ዘፈነ፤ ተሰዳቢዋ ድምፅ ተቀበለች። ክሪስቲንማ ስለ አዲሱ ወዳጇ ዘፈን ጽፋ፣ ባሏ ስለማን ነው ሲላት «ስለ ውሻዬ» አለችው ይባላል። እሱም ቤዙን አንስቶ ለውሻው አሳምሮ ተጫወተ። አልበሙ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

«ሞተር የሚሄደው ውስጡ እየፈነዳ ነው» ይላል ባለ ጋራዡ፣ ጣቱ ላይ ያለውን የዓሣ ዘይት የግሪስ ያህል እያከበረ። «ዝም ያለ ሞተር የቆመ ሞተር ነው።»

እኔ ደግሞ በኮከብ አምናለሁ። ባንድ ማለት ኮከቡ የገጠመ ሰው ስብስብ ነው ባይ ነኝ። «አቤይ ሮድ» ላይ ሦስቱ ሰዎች በአንድ ዘፈን ውስጥ ድምፃቸውን ሦስት ሦስት ጊዜ ደራርበው ዘጠኝ ሆነው ይዘምራሉ፤ የተጣላ ሰው እንዲህ ተጠጋግቶ መተንፈስ አይችልም አልኩ። እዚህ ላይ መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም።

እህታችን በመካከል ገባች። «ኬሚስትሪ ኬሚስትሪ ትላላችሁ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሁለት ነገር ተቀላቅሎ ካልሞቀ፣ ካልጨሰ ወይ ቀለሙን ካልቀየረ፣ ምንም አልተፈጠረም። ሲበዛ ደግሞ ብልቃጡ ይሰበራል።» የእሷ ነገር ሁሌም ልክ መጠን ነው፤ ከምግብ በፊት፣ ከምግብ በኋላ።

የእሷ ሰዎች ፒንክ ፍሎይዶች ናቸው። እኔ እንኳን ሙዚቃቸው እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል፣ የሒሳብ ታሪካቸው ግን አይጠገብም። «ዘ ዎል» («ግንቡ») የሚባለውን አልበም ሲቀርጹ ከባንዱ አንዱ ሮጀር ዋተርስ ኪቦርድ ተጫዋቹን ሪቻርድ ራይትን ከቡድኑ አስወጣው። ቀጥሎ የመድረኩ ዝግጅት መጣ፤ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ያስፈልጋል። ማን ይቀጠር? ራይት! ባለቤት የነበረው ሰውዬ በደመወዝ ተቀጠረ። ዝግጅቱ ግንብ የሚገነባበትና የሚፈርስበት ስለነበር ወጪው ከገቢው በለጠ፤ ባለቤቶቹ ሦስቱ ከሰሩ፣ ገንዘብ ይዞ ወደ ቤቱ የገባው የተባረረው ብቻ ሆነ። ይህን በሰማን ቁጥር ዞር ብለን የምናየው ውጭ ቆሞ የሚጠብቀንን ባለ ባጃጅ ነው። እኛ የዓሣውን ሒሳብ ለአራት ስንካፈል እንነታረካለን፤ እሱ ከጠረጴዛችን አንድ ሙሉ ጥብስ ይቀርብለታል፣ የመመለሻውንም ያስከፍለናል።

ጋሼ የጋላገር ወንድማማቾችን ነገር ሲሰሙ ጉርሻቸውን አስቀመጡ። ኖኤልና ሊያም በነሐሴ 2009 ፓሪስ ውስጥ መድረክ ሊወጡ ሲሉ ጊታር እስኪሰበር ተጣሉ፤ ባንዳቸው ኦኤሲስም በዚያው አበቃ። እንደገና አንድ ላይ እንደሚጫወቱ ያስታወቁት በ2024 ነው።

«አሥራ አምስት ዓመት?» አሉ ጋሼ። «የአንድ እናት ልጆች?»

«አዎ።»

«እናት እያለች?»

«አዎ ጋሼ።»

«አገር ምድሩ አንድ ድንጋይ ተሸክሞ የሚገባ ሽማግሌ አጥቶ ነው?»

በሐምሌ 2025 ካርዲፍ ላይ መድረክ እንደወጡና ሰዉ ከፍሎ እንደገባ ነገርናቸው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «የእርቅ ድግስ በቲኬት» አሉ በመጨረሻ፤ ሲናደዱ ነበር ወይስ የሥራ ሐሳብ መጥቶላቸው፣ አሁንም አልገባኝም።

የእሳቸውን አልበም ለመስማት ግን ፈረንጆቹን ሁሉ ከጠረጴዛው ማንሳት ያስፈልጋል። ለጋሼ ዋልያስ ባንድን የሚያክል የለም። በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው ገሚሱ እዚያው ቀሩ። «እነዚህ በጠብ ይበተናሉ፣» ይላሉ ጋሼ፣ «የእኛ ባንድ የሚበተነው በቪዛ ነው።» ከዚህ በኋላ ለአምስት ደቂቃ የሚናገር ሰው አይኖርም፤ ከአራታችን ዘመድ አሜሪካ የሌለው የለምና።

ወደ ጠቡ ልመለስ። ባለ ጋራዡ ኮከብ ያልኩትን ሊያፈርስ ተነሳ። የእኔ ሰላማውያን ሰዎች በ1968 ከበሮ መቺያቸው ሪንጎ ትቷቸው እንደወጣ፣ ሲመለስ ከበሮውን በአበባ ሸፍነው እንደጠበቁት፤ በጥር 1969 ደግሞ ጆርጅ ሃሪሰን ምሳ ሰዓት ላይ ጥሏቸው እንደሄደ ዘረዘረ። ሁሉም እውነት ነው። እውነት መሆኑ ነው ያናደደኝ። «አንተ ሰላም ሰላም የምትለው ግጭት ስለምትፈራ ነው፤ መኪናህንም በሁለተኛ ማርሽ ነው የምትነዳው» ሲል ጨመረበት። መኪናዬን የሚጠግንልኝ እሱ ነው፤ በምስጢር ያየውን አደባባይ አወጣው።

እኔም፣ «ጠብ አልበም የሚያወጣ ቢሆን፣» አልኩ፣ «አንተ ከሦስት ሸሪክ ጋር ተጣልተህ ተለያይተሃል። አልበሙ የታለ?»

ጠረጴዛው ፀጥ አለ። አንድ አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው።

በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ሚጥሚጣው በጋሼ በኩል መመላለስ ሲጀምር፣ እህታችን ነገሩን አጠናችው። ጆርጅ ሃሪሰን ከኩርፊያው ሲመለስ ብቻውን አልመጣም አለችን። ቢሊ ፕሬስተን የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ይዞ ገባ። በአራቱ መካከል እንግዳ ሲቀመጥ ሁሉም ጠባያቸውን አሳመሩ፤ ይህን ኋላ ራሱ ሃሪሰን ተናግሮታል። በወሩ መጨረሻም ፕሬስተንን ይዘው ጣሪያ ላይ ወጥተው ተጫወቱ። ለእኛ ይህ ምኑ አዲስ ነው? በር ሲንኳኳ ከፊቷ ላይ ኩርፊያዋን ጠርጋ «ግቡ፣ ግቡ፣ ቡና እያፈላን ነው» የማትል ባለትዳር ማን አለች? እኔ ይህን የነገረችን ለጨዋታ መስሎኝ ነበር። ለካ መድኃኒት እያዘዘች ነው።

ዛሬ የአክስቷን ልጅ ይዛ መጣች። ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣ፣ ጆሮው ላይ ነጭ ነገር የሰካ፣ ጨዋ ልጅ። እኔና ባለ ጋራዡ ወዲያው ሌላ ሰው ሆንን። እሱ ለልጁ ወንበር ሳበ፣ እኔ አጥንት የሌለበትን የዓሣ ገጽ መርጬ ጎረስኩለት—ማለቴ አጎረስኩት። ደንግጬ ነው። ጋሼ ስለ ሥራው ጠየቁት፣ ስለ መንገዱ ጠየቁት፣ ከዚያ እንደ ቀልድ፣

«ለመሆኑ አንተ ከአልበም የትኛውን ታስበልጣለህ?» አሉት።

ልጁ አሰበ። «የጃኖ ባንድ አንድ ሁለት ዘፈን እወዳለሁ» አለ።

«የትኛው አልበም ላይ?»

«አልበም...» አለና ከልቡ ይቅርታ በሚጠይቅ ፊት አየን። «ሙሉ አልበም እንኳን ሰምቼ አላውቅም። ያልጣመኝን ዘልለዋለሁ። ደግሞ ባንድ ውስጥ ማን ከማን እንደተጣላ ምን አገባኝ? ዘፋኙ ደህና ከሆነ...»

ባለ ጋራዡ እጁን ከትሪው አነሳ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያላየኝ ሰው ዓይኔን ፈልጎ፣

«ሰማኸው?» አለኝ።

«ሰማሁት!» አልኩት።

«ቤዙስ? ቤዙን ማን ያስብለታል?»

«ከበሮውስ?»

«እንግዲህ ባሏን ስለ ውሻዬ ነው ያለችው ሴትዮ—»

«ንገረው፣ ንገረው!»

ለአርባ አምስት ደቂቃ፣ የካሴት አንድ ጎን ያህል፣ እየተቀባበልን ልጁን አስተማርነው። እሱ «ሩመርስ»ን አወደሰ፣ እኔ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። እኔ «አቤይ ሮድ»ን አነሳሁ፣ እሱ «ይሄማ ምን ይጠየቃል» አለ። ልጁ መብላት አልቻለም፤ ዓሣው ቀዘቀዘ፤ ለባለ ባጃጁ ተሰጠ።

ከዚያ ልጁ ሰዓቱን አየና ተነሳ። እህታችን ልትሸኘው አብራው ወጣች። ጠረጴዛው ላይ ሦስታችን ቀረን። ሚጥሚጣው እኔ ዘንድ ነበር። ባለ ጋራዡ አየው፣ ሐይቁን አየ፣ ዳኞቹን አየ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ጋሼ ዞረ።

«ጋሼ፣» አለ፣ «ያ ልጅ የሚቀጥለው ቅዳሜም ይመጣ እንደሆነ እህታችንን ይጠይቃት ይበሉልኝ።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጠይቃት» አሉኝ።