ይድረስ ለክቡር «ጠጋ በሉ»፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ወጉ «ከናፍቆትዎ በስተቀር» እንድል ያዝዘኝ ነበር፤ ነገር ግን ከፒያሳ ሜክሲኮ ስመላለስ አንድም ማለዳ ተለይተውኝ ስለማያውቁ በናፍቆት ስም መዋሸት አልፈልግም። ረዳቱ የታክሲውን በር ይዞ ስምዎን በጠራ ቁጥር፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ በግማሽ ዳሌዬ የምቀመጠው ሰው እኔ ነኝ።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ በታዘዘ ጊዜ እስከ ወዲያኛው ያረፉ መስሎን ነበር። ታሪፉ እጥፍ ቢሆንም ለቀብርዎ እንዳዋጣነው ቆጥረን በዝምታ ከፈልን። እርስዎ ግን ብዙም ሳይቆዩ ተነሡ፤ ያዋጣነውንም የመለሰልን የለም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን የከተማው በደልዎ አይደለም። ባለፈው ሐምሌ በሥራ ጉዳይ ላ ፓዝ ሄጄ ሳለሁ፣ እርስዎ ሊደርሱበት የማይችሉት ምድር አገኘሁ ብዬ፣ በደቡብ ምዕራብ ቦሊቪያ ከፍተኛ በረሃ የሚደረግ የሦስት ቀን የቡድን ጉዞ ገዛሁ። የኡዩኒ የጨው ሜዳ ብቻውን ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ አዲስ አበባን 20 ጊዜ ያህል ቢዘረጉበት ይይዛታል። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ፌርማታ የለ። በዚያ ሁሉ ባዶ ሜዳ ላይ ማን ማንን ጠጋ በል ሊለው ይችላል ብዬ ነው ዶላሬን ቆጥሬ ያስረከብኩት።

መኪናው ላንድክሩዘር ነበር። ሻንጣችን፣ ውሃውና የነዳጁ ጀሪካን ፖርቶ መጋላው ላይ በሸራ ተጠፍረዋል፤ ሰው ግን ፖርቶ መጋላ ላይ ስለማይጫን አንዱ ከፊት፣ ሦስቱ ከመካከል፣ ሁለቱ ደግሞ በዕቃ መጫኛው ላይ በተዘረጋች ታጣፊ ወንበር ላይ ተመደብን። ሾፌሩ ጉንጩን በኮካ ቅጠል ወጥሮ አንዲት የስፓኒሽ ቃል ተናገረና በእጁ ጀርባ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገን። ስፓኒሽ አልችልም፤ ያችን ቃል ግን ወዲያው ተረዳኋት። እርስዎ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በሁለት ጉልበቶቼ መካከል ነው። የእኛ አሞሌ በዳሎል አካባቢ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ ሲቆረጥ፣ የእነርሱ ጨው 3,650 ሜትር ላይ፣ ከእንጦጦም በላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ይህን የመሰለ ነገር ቀና ብሎ ማየት የሚገባ ነበር፤ ነገር ግን ቀና ስል ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር ይላተማል። ነፋስና አሸዋ ጠርበው ያቆሙትን የድንጋይ ዛፍ ከጎኔ ከተቀመጠው ሆላንዳዊ ክርን በላይ አጮልቄ አየሁት። ፍላሚንጎ የሚሰማራበትን ቀዩን ሐይቅ፣ ላጉና ኮሎራዳን፣ በእግሬ ቆሜ አይቻለሁ፤ እግሬ ግን ከመደንዘዙ የተነሣ የእኔ መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም።

በመካከሉ መንገደኞቹ ተሰብስበው የፊት ወንበር እንደ ዕቁብ በዕጣ እንዲዞር ወሰኑ። ለእኔ የወጣልኝ የሦስተኛው ቀን ማለዳ ነው። የሦስተኛው ቀን ማለዳ የሚጀምረው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ወርዶ፣ የፊት መስታወቱ በበረዶ ተሸፍኖ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሕይወቴን ሙሉ የተመኘሁትን የፊት ወንበር አግኝቼ ያየሁት ነገር ቢኖር ሾፌሩ በመስታወቱ ላይ ፍቆ የከፈታት ቀዳዳ ብቻ ናት፤ እርሷም በእርሱ በኩል ነበረች።

ሶል ደ ማኛና፣ ማለትም የማለዳ ፀሐይ፣ የሚሉት የእንፋሎትና የሚፈላ ጭቃ ቦታ ከ4,800 ሜትር በላይ ነው፤ ራስ ዳሽንን ከጫፉ ቁልቁል ያየዋል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከግማሹ እምብዛም አይበልጥም። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ለእኔ ምኔ ነው ብዬ ፎክሬ ነበርና ራሴ በሁለት በኩል ሲመታኝ አፍሬ ዝም አልኩ። መኪናው ውስጥ ጠጋ ማለት እንኳ ያስተነፍሳል። በመጨረሻ የት እንዳለሁ ረስቼ፣ በሙሉ ድምፄ፣ በአማርኛ፣ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ ወዲያው አቆመ። (የእኛዎቹ እንኳ እንዲህ ፈጥነው አያቆሙም።)

ወረድ ብሎ ፖልከስ የሚባል ፍል ውሃ አለ። የእቴጌ ጣይቱን ፍልውሃ አስታውሼ፣ እዚህስ ብቻዬን እዘረጋለሁ ብዬ ልብሴን አወለቅሁ። ከየመኪናው የወረደው መንገደኛ ሁሉ ግን አስቀድሞ ገንዳው ውስጥ ተደርድሮ ነበር፤ አንዲት ሴትዮ ፈገግ ብለው በእጃቸው ቦታ አሳዩኝና ጎረቤቶቻቸውን አስጠጉልኝ። ክቡር ሆይ፣ ውሃ ውስጥ እንኳ አልማሩኝም።

አንድ ነገር ብቻ፣ እውነት ለመናገር ያህል፣ ልመስክርልዎ። ከዚያ በኋላ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ወደ ታጣፊዋ ወንበር የተመለስኩት በገዛ ፈቃዴ ነው፤ የሆላንዳዊው ትከሻ ከማሞቂያው ይልቅ ይሞቅ ነበርና። ይህን ግን ለረዳቱ እንዳይነግሩብኝ አደራ እላለሁ።

ይህን የምጽፈው ሜክሲኮ አደባባይ ላይ፣ ታክሲው ሞልቶ ሳለ ነው። በሩ እንደገና ተከፍቷል፤ ስምዎ እየተጠራ ስለሆነና ስልኬን የያዝኩበት ክንዴ ቦታ ስለሚያስፈልግ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

አክባሪዎ፣
በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛው