አሰልጣኙን ከማባረራችን በፊት ማሳውን እንይ

ነሐሴ 2013 እንጅባራ፣ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነኝ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኛ ጋቢ ተከናንበን ሳንቃ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠናል። ማንችስተር ሲቲ አርሰናልን 5 ለ 0 ቀጣው። አምስተኛው ጎል ሲገባ አጠገቤ የነበረ ልጅ ማሊያውን አውልቆ፣ በደንብ አጣጥፎ ጋቢው ስር ከተተው። ቤቱ በሙሉ የአርሰናልን አሰልጣኝ "አርቴታ ይባረር!" አለ። እኔም ብያለሁ።

ብንልም አይፈረድብንም ነበር። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት፣ ዘጠኝ ጎል ገብቶበት አንድም ያላገባ ቡድን፣ የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ። ከዚያ በፊትም ሁለት ዓመት በተከታታይ 8ኛ። ቦርዱ ግን አልነካውም። ያው አሰልጣኝ በ2015፣ በ2016 እና በ2017 ቡድኑን 2ኛ አድርጎ አስጨረሰ።

ታዲያ "ታገሱ" የሚለውን ምክር እንዲሁ በደፈናው አልወደውም። የእኛን አገር ገበሬ እዩት። አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ብትሄዱ ማሳው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ነው፤ ችግኙ ተተክሎ ለከሰል እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል። ገበሬው ግን እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል። እሱን እየበላ፣ ዛፉ ሲያድግ እያየ ነው የሚታገሰው።

አርቴታም ጤፉን አሳይቷል፤ በመጣበት የውድድር ዓመት የኤፍኤ ዋንጫን አንስቷል። ችግኙም ይታይ ነበር። በ2013 ክረምት ክለቡ ያስፈረማቸው ስድስት ተጫዋቾች በሙሉ 23 ዓመትና ከዚያ በታች ነበሩ፣ ኦዴጋርድ አንዱ ነው። እኛ ሰንጠረዡን ብቻ ስናይ ቦርዱ ማሳውን አይቷል።

የማንችስተር ዩናይትድ ነገር ግን እስካሁን ያናድደኛል። አሰልጣኙ ቴን ሃግ ሁለት ዋንጫ አምጥቷል፣ በ2016 በሊጉ ግን 8ኛ ሆኖ ጨረሰ። ክለቡ ክረምቱን ሌላ አሰልጣኝ ሲያፈላልግ ከርሞ፣ መጨረሻ ላይ ውሉን አራዘመለት፣ ደ ሊግትንና ማዝራዊን ገዛለት፣ ከዚያ በጥቅምት አሰናበተው! ይሄ ትዕግሥት አይባልም፣ መወሰን መፍራት ነው። ተተኪው አሞሪም ደግሞ በሦስት ተከላካይ የሚጫወት ሰው ነው፤ ለሌላ አጨዋወት የተገዛ ቡድን ወረሰ። አሰልጣኝ ሲባረር የተገዛው ተጫዋች፣ የተለመደው አሰላለፍ፣ የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ አብሮት ገደል ይገባል።

ወደ ቤታችን ስመጣ ደግሞ ያመኛል። ባህር ዳር ከተማ ፕሪሚየር ሊጉን የተቀላቀለው በ2011 ነው፣ በ2015 ደግሞ በደግአረገ ይግዛው ስር 2ኛ ወጥቷል። ይሄ ቡድን ዋንጫ መብላት ይችላል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ግን ሁለት ጨዋታ በተሸነፈ ቁጥር "ይውጣ" ብለን የምንጮህ ከሆነ፣ ቦርዱም ጩኸታችንን ሰምቶ የሚደነግጥ ከሆነ፣ የትኛው ወጣት ተጫዋች ነው ተረጋግቶ የሚያድገው?

ከቦርዱ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አሰልጣኝ ሲቀጥሩ በመጀመሪያው ዓመት ምን እንድናይ እንደሚጠብቁ ለደጋፊው በግልጽ ይንገሩን፦ ስንት ወጣት እንደሚሰለፍ፣ ቡድኑ እንዴት እንደሚጫወት፣ ስንተኛ መውጣት እንዳለበት። ያን ካየን እኔ ብርድም ዝናብም ሳልል ስታዲየም እገኛለሁ። ካላየን ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ በሰላም ይሸኙት፣ በታኅሣሥ አይደለም።