መንገዱ ከሽንሸናው ይቅደም

ቤት ፈርሶ ፎቅ ይተካዋል፤ መንገድ ግን አንዴ ከተቀየሰ ለትውልዶች አይነቃነቅም። የኒው ዮርክ ከተማዋ ማንሃተን ዛሬም የምትኖረው እ.ኤ.አ. በ1811 በወጣላት የመንገድ ቅያስ ላይ ነው። ከተማ ወደ ዳር ሲሰፋ የሚሠራ የቅያስ ስህተትም እንዲሁ ዕድሜው ረጅም ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው እያንዳንዱ አልሚ የራሱን ይዞታ ብቻ አይቶ ሲነድፍ ነው። መግቢያው አንድ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዶቹ ጫፋቸው ዝግ ይሆናል። በአጥር ብቻ የተለያዩ ጎረቤታሞች ለመገናኘት 2 ኪሎ ሜትር ይዞራሉ። ጉዞው ሁሉ አንዱ ዋና መንገድ ላይ ስለሚፈስ፣ ያንን መንገድ ማስፋት ብቻውን መጨናነቁን አይፈታም፤ አማራጭ መውጫ የለማ! ጉዳቱ ከመሬት በታችም አለ። የውኃ መስመር መንገድን ተከትሎ ስለሚዘረጋ እሱም ጫፉ ላይ ይዘጋል፤ ውኃው ይተኛል፣ ጀርም የሚገድለው ክሎሪን ይሳሳል፣ ቧንቧ ሲሰበር ሰፈሩን ከሌላ አቅጣጫ መመገብ አይቻልም።

መጋጠሚያ በበዛ ቁጥር አማራጭ መንገድ ይበዛል፤ ስሌቱም ቀላል ነው። መንገዶች በየ100 ሜትሩ ቢቀየሱ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር 100 መጋጠሚያና 20 ኪሎ ሜትር መንገድ ይገኛል። ርቀቱ 200 ሜትር ሲሆን መጋጠሚያው ወደ 25 ያሽቆለቁላል፣ መንገዱም በግማሽ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ቅያስ በ15 ሜትር ስፋት ከመሬቱ 28 በመቶ ገደማ ይወስዳል። አልሚው ይህን እንደ ብክነት ቢያየውም፣ የተባበሩት መንግሥታት የከተሞች ፕሮግራም የሆነው ዩኤን ሃቢታት ለመንገድ እንዲተው የሚመክረው ቢያንስ 30 በመቶ ነው።

ስለዚህ አንድም ቦታ ከመሸጡ በፊት ማዘጋጃ ቤቱ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 30 ሜትር ስፋት ያለው የዋና መንገድ መሬት ይከልል፤ ግንባታው ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። በይዞታዎች ድንበር ላይ ደግሞ ቢያንስ በየ200 ሜትሩ አንድ መንገድ እስከ ወሰኑ ድረስ ይዝለቅ። ገደላማ ቦታ ላይ ለመኪና ባይመች እንኳ 3 ሜትር የእግረኛ መተላለፊያ አይታጣም።

መንገዶችን ማገናኘቱ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ወሰኑ ላይ ነው። አልሚው 1 ሜትር መሬት በስሙ አስቀርቶ መንገዱን ይቆርጣል፤ ወይም ሁለቱ ወገኖች መሬታቸውን በተለያየ ከፍታ አፈር ሞልተው መንገዶቹ ሳይገጥሙ ይቀራሉ። ከ10 ዓመት በኋላ ሊከፈት ሲባል ደግሞ ነዋሪው «ፀጥ ያለ ሰፈራችንን» ብሎ ይቃወማል፤ የነገረው የለምና አይፈረድበትም። የመንገዱ መሬት እስከ ወሰኑ መስመር ድረስ ለከተማው ይተላለፍ፣ የመገጣጠሚያው ከፍታ በፕላኑ ላይ በቁጥር ይጻፍ፣ ጫፉም ላይ «ይህ መንገድ ይቀጥላል» የሚል ሰሌዳ የመጀመሪያው ቤት ከመሸጡ በፊት ይተከል።