በየቀኑ አሥር ደቂቃ ወይስ በሳምንት ሁለት ረጅም ቀጠሮ?

ሥዕል እጀምራለሁ ብሎ ደብተር የሚገዛ ብዙ ነው፤ ወር ሳይሞላው ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ የሚረሳውም እንዲሁ። ጀማሪ እንዴት ቢለማመድ ይጸናል? ሁለት የባሕር ዳር ነዋሪዎች በጽሑፍ ተከራክረውበታል። አንደኛው ከሥራ መልስ ጣና ዳር ተቀምጠው የሚሥሉ የባንክ ሠራተኛ ናቸው፤ ሁለተኛዋ ጀማሪዎችን የሚያስተምሩ የሥዕል መምህርት።

የባንክ ሠራተኛው

በየቀኑ፣ አሥር ደቂቃ፣ በእስክሪብቶ። ጀማሪን የሚጥለው የችሎታ ማነስ ሳይሆን ማመንታት ነው፤ ዛሬ ወይስ ነገ፣ ዛፉን ወይስ ጀልባውን ሲል ይመሻል። ሰዓቱና ቦታው አስቀድሞ ከተቆረጠ ግን ማመንታት መግቢያ ያጣል። እኔ ከቢሮ ወጥቼ ሐይቁ ዳር ማኪያቶ አዝዛለሁ፤ እስኪመጣ ድረስ ደብተሬ ተከፍቷል። ማኪያቶው እንደማይቀር ስለማውቅ ሥዕሉም አይቀርም።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት አዲስ ድርጊት ልማድ እስኪሆን አማካዩ 66 ቀን ያህል መሆኑን፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ አሳይቷል። በ21 ቀን ሁሉም ነገር ልማድ ይሆናል የሚለውን ወሬ እንግዲህ ተዉት። በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላስከተለም። ትናንት ስለቀረ ብቻ እርግፍ አድርጎ የሚተው ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

እስክሪብቶ ያልኩት ላጲስን ለማባረር ነው። ላጲስ የያዘ ጀማሪ አሥሩን ደቂቃ የሚያጠፋው በማጥፋት ነው።

መምህርቷ

ጥናቱን ወንድሜ በትክክል ጠቅሰውታል። ተሳታፊዎቹ ሲለማመዱ የነበረው ምን እንደሆነ ግን አልነገሩንም። ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ውሃ መጠጣት፣ ከእራት በፊት መሮጥ የመሳሰለውን ነበር። የተለካውም ድርጊቱ ሳያስቡት መደረግ መጀመሩ ነው። ውሃ ሳያስቡ ቢጠጡት ያው ውሃ ነው፤ ሥዕል ግን ሳያስቡ የሣሉት ዕለት ማየት ቆሟል።

ከተማችን በብስክሌት የታወቀች ናት። ዕድሜውን ሙሉ ብስክሌት የጋለበ ሰው ብስክሌት ሳያይ እንዲሥል ጠይቁት። ሰንሰለቱን ከፊተኛው ጎማ ጋር የሚያያይዝ፣ ፔዳሉን ጎማው እምብርት ላይ የሚተክል አይታጣም። ሰንሰለቱ ፊተኛውን ጎማ የያዘ ብስክሌት መሪው እንኳ አይዞርም! ታንኳም እንደዚያው ነው። የደንገሉ ታንኳ አፍንጫውን ወደ እነርሱ አዙሮ ቆሞ ሳለ ተማሪዎቼ ከጎን የታየ፣ ሁለት ጫፉ ቀና ያለ ታንኳ ይሥላሉ። ከፊት ሲታይ ርዝመቱ እጥር ይላል፣ ቅርቡ ጫፍ ይገዝፋል፣ ሩቁን ይሸፍነዋል፤ እነርሱ ግን የሚሥሉት ራሳቸው ውስጥ ያለውን ነው። የጀማሪ የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ በዚህ ያልፋል፤ ማየት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሜ ደብተር እንዲዘጋ የሚያዝዙት ልክ እዚያ ላይ ነው። በ66 ቀን ውስጥ የሚጸናው እንግዲህ ስሕተቱ ይሆናል።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ አንድ ነገር ብቻ። መጀመሪያ መለካት፤ ክንድ ተዘርግቶ፣ አንድ ዐይን ተጨፍኖ፣ የታንኳውን ከፍታ እርሳሱ ላይ በአውራ ጣት ይዞ ርዝመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ መቁጠር። ክርን ከታጠፈ መለኪያው ስለሚለወጥ ድካሙ ከንቱ ነው። ቀጥሎ በታንኳውና በደንገሉ መካከል ያለውን ባዶ ውሃ እንደ አንድ ቅርጽ መሣል፤ ለዚያ ቅርጽ ጭንቅላታችን የተዘጋጀ ሥዕል ስለሌለው ዐይን ለማየት ይገደዳል። ጥላው የመጨረሻ ነው። ላጲስም ይኖራል፤ ስሕተቱን ያላረመ እጅ ምን ይማራል?

የባንክ ሠራተኛው

መምህርት፣ ሁለት ሰዓት ቆሞ የሚጠብቅዎት ታንኳ የት አገኙ? ቀዛፊው ሰው ሥራ አለበት። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ያሉት ፔሊካኖችም ለእርስዎ ብለው አይቆሙም። ለወፍ የሚበጀው የእኔ መንገድ ነው። ከመንቆሩ እስከ ጅራቱ አንድ መስመር፤ ሲንቀሳቀስ ያንኑ ትቶ ከጎኑ ሌላ መጀመር። ወፍ ወደ ቀድሞ አቋቋሙ ይመለሳል፤ ሲመለስ ያቋረጡትን ይቀጥላሉ። በአንድ ገጽ ላይ አምስት የተጀመሩ ወፎች አብረው ያድጋሉ።

ደግሞስ በዚህ አገር የማን ቅዳሜና እሑድ ነው ባዶ? አንዱን ቀጠሮ ለቅሶ ይወስደዋል፣ ሌላውን ማኅበር። ሠርግ በሚበዛበት በጥር እንዲያውም አያንሡት። አሥር ደቂቃን ግን ለቅሶ ቤትም አይነጥቀኝም። (ድንኳን ውስጥ እሥላለሁ ማለቴ አይደለም።)

ልማድ ይሁን የምለው ደብተር ማውጣቱን እንጂ መስመሩን አይደለም። ብስክሌቱም ዛሬ ጎማው፣ ነገ ፔዳሉ፣ ከነገ ወዲያ መሪው እየተባለ በአሥር አሥር ደቂቃ ያልቃል። ዘጌ ሄደው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን የመቅደስ ግድግዳ ሥዕሎች ይመልከቱ። እነዚያ ሠዓሊዎች የተቀበሉትን ቅርጽ እየደጋገሙ ነው እጃቸው የጸናው፤ ታንኳ በእርሳስ ሲለኩ አልዋሉም።

መምህርቷ

የዑራው ሠዓሊ የሚደግመው ሥርዓት ነበረው። ጻድቁ በሁለት ዐይን ፊት ለፊት፣ ክፉው በጎን በአንድ ዐይን ይሣላል። ምን እንደሚደግም የሚያውቅ ሰው ቢደግም ያተርፋል። ማኪያቶ የሚጠብቀው ጀማሪ ግን ምን ይደግማል? ማኪያቶ ብቻ የሞላባቸው ደብተሮች አይቻለሁ!

ጎማ፣ ፔዳል፣ መሪ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ያ የጥናት ዕቅድ ነውና። ጥያቄ ያለው አሥር ደቂቃ ከሆነ ከእርስዎ ጋር የምጣላው በግማሽ ነው። ለምሳሌ የሰማይና የውሃው መገናኛ መስመር ሁልጊዜ በተመልካቹ ዐይን ከፍታ ነው። ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሣል፤ በሌላ ቀን ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ያንኑ ውሃ መሣል። መስመሩ አብሮ ይወጣል፣ ውሃውም ከሥሩ ሰፍቶ ይዘረጋል። ሌላም አለ፤ ውሃ ላይ የሚታየው የዘንባባ ምስል ፀሐይ የትም ትሁን ከዛፉ ሥር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ በፀሐይ የሚሄደው ጥላው ብቻ ነው። ምስሉን እንደ ጥላ አጋድመው የሚሥሉ ስንት ናቸው! ይህን ለመለየት መቆየት ያስፈልጋል።

ታንኳው ካልቆመ ደግሞ ጀበና ይቆማል። ክረምት ሲገባ ሐይቅ ዳር መቀመጥ ስለማይቻል ለእርስዎም ይበጃል። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ቱቦ፣ አፉ ደግሞ ከጎን ሲታይ የተጨፈለቀ ክብ። ዐይን ከአፉ ከፍ ባለ ቁጥር ያ ክብ ይከፈታል። አንድ ማክሰኞ ከሥራ መልስ ሁለት ሰዓት ይስጡኝ፣ በእርሳስና በላጲስ።

የባንክ ሠራተኛው

ማክሰኞውን ሰጥቻለሁ፤ እርሳሱንም እይዛለሁ። ላጲሱ እርስዎ ጋ ይቀመጥ፣ ስፈልግ እጠይቃለሁ። አሥሩ ደቂቃ ግን ማክሰኞም አይቀርም፤ ጀበናው ጋ ከመድረሴ በፊት፣ ማኪያቶዬ እስኪመጣ።